የአቶ አየነው አርባ

በጎንደር ከተማ እኔን የሚያታልል ሰው ገና አልተወለደም እያልኩ ሃያ ዓመት ፎክሬያለሁ። ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ልገዛ ብቅ ስል ነጋዴዎቹ ሙዝ የተቀላቀለበትን ራሳቸው ለይተው ከጀርባቸው ይደብቁታል። የአዘዞ ሚኒባስ ረዳቶች እኔን ሲያዩ ሒሳብ ሳልከፍል መልስ ይሰጡኛል። አንድ ኪስ አውላቂ ኪሴ ከገባ በኋላ የራሱን አምስት ብር ጥሎልኝ ሄዷል የሚል ወሬም አለ፤ ወሬውን ያስወራሁት እኔ ነኝ።

ያ ሰው ግን ተወልዷል። ድምፁም ሸጋ ነው።

ስሜ ፈንታሁን ነው፤ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። እንጀራዬ የሟች የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነው። ቀብር ላይ ወይም አርባ ላይ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ቆሞ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ሲያነብ ሰምታችኋል አይደል? ያንን ወረቀት ጎንደር ውስጥ ከሦስት አንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱን ደግሞ ሰዎች ከእኔ ገልብጠውታል። ቢሮ የለኝም፣ አለቃ የለኝም፣ ደመወዝ የለኝም። ቁስቋም አካባቢ አንድ የኪራይ ክፍል፣ አንድ ስልክ እና አንድ ኮምፒውተር አለኝ። ኮምፒውተሩን ጠዋት ከፍቼ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ፣ ከጎረቤት ጋር ተጣልቼ፣ ታርቄ ስመለስ ገና «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ ያገኘኛል። እሱ ሲሞት እኔም ሥራ ፈት ነኝ፤ ስለዚህ ለአዲስ መግዣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳጠራቅም ሃያ ሰባት ሺህ ብር ደርሼ ነበር። ያቺ ገንዘብ ባንክ ያለች ሙሉ ሀብቴ ነበረች።

አንድ የሥራ ሕግ ነበረኝ፤ ከሐዘንተኛ ቀብድ አልቀበልም። አባቱን ትናንት የቀበረ ሰው ፊት ቆሞ «ግማሹን አስቀድም» ማለት እኛ አገር ነውር ነው። ሠርቼ አስረክባለሁ፤ እነሱም ከለቅሶ ሲወጡ ይከፍላሉ። ሃያ ዓመት ማንም አልካደኝም። ሟችን ይዞ የሚክድ ሰው የለም።

ባለቤቴ ውባለም ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ልጅ አልሰጠንም። ከሞተች ወዲህ አንድ ነገር አልሆንልህ ብሎኛል፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሽሮ መሥራት። ዱቄቱን ብቀንስም ውሃውን ብቀንስም የሚወጣው ሁልጊዜ የሁለት ሰው ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ብቸኛ ሰው ነው የሚለኝ የለም። ሻይ ቤት ስገባ «ፈንቴ መጣ» ይሉና አፌን ሳልከፍት ይስቃሉ። እኔም አላሳፍራቸውም፤ አስቄያቸው ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ቀልደኛ ሰውን ማንም «ደህና ነህ ወይ» ብሎ አይጠይቀውም፤ መልሱ ቀልድ ነው የሚሆነው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ።

«አቶ ፈንታሁን ነዎት?»

«የሞተ ሰው ካለ ነኝ። ከሌለ ተሳስተሃል።»

ወዲያ ማዶ ሳቅ ሰማሁ።

«አለ» አለኝ። «አባቴ ናቸው።»

ይቅርታ ስጠይቀው እሱው አጽናናኝ። ስሙ ደሳለኝ ነው። አዲስ አበባ አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። አባቱ አቶ አየነው እንፍራንዝ ላይ በድንገት አርፈዋል፤ ሞቱ ድንገተኛ ስለነበር ቀብር ላይ ታሪካቸው አልተነበበም፤ አርባቸው ቅዳሜ ነው። መቶ ቅጂ ትንሽ መጽሔት እና ድንኳኑ በር ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል። ዋጋዬን ስድስት ሺህ አልኩት።

«እርስዎ ያሉት ይሁን። ቀብድ ልላክ?»

«ከሐዘንተኛ ቀብድ አልቀበልም።»

«ይኸን ነግረውኝ ነበር» አለ። «የጎንደር ሰው እኮ ነዎት።»

ደስ አለኝ። ማን ነገረህ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የሚመሰገን ሰው ግን ጥያቄ አያበዛም።

ስልኩን ሊዘጋው ነው ስል፣ «አያ ፈንታሁን፣ ምሳ በሉ?» አለኝ።

አያ ሲለኝ ነው ልቤ ድክም ያለው። «እየበላሁ ነው» አልኩት።

«ከማን ጋር?»

እናንተዬ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ቀልድ ፈለግሁ፤ «ከጠቅላላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጋር» ልለው ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን «ብቻዬን» ነው። ከዚያ ስለ ውባለም ጠየቀኝ። ስልኩን ከበርበሬው ዕቃ ጋር አስደግፌ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ነገርኩት። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እንደምትሸፍን። ገበያ ስትወጣ የጎረቤቱን ሁሉ አደራ ገዝታ የራሷን ጨው ረስታ እንደምትመለስ። ዝናብ ሲመጣ ከልብሱ በፊት የሰው ጫማ ከደጅ እንደምታስገባ። እሱ በየመሐሉ «እሺ… እሺ» ይላል። ሽሮው ቀዘቀዘ። ያን ቀን የሁለት ሰው መሆኑ ትክክል መሰለኝ።

ማክሰኞ በዚያው ሰዓት ደወለ። ምሳዬን አላቀረብኩም ነበር፤ እስኪደውል እየጠበቅሁ ነበር። ቀኑ የአባቱ ተራ ነበር። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ይመልሳል።

«አስታራቂ ነበሩ?»

«እንዴት አወቁ? የሰፈሩ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው።»

«እርሻው ላይስ?»

«በሬያቸውን ሳያበሉ አይበሉም።»

«አንድ ነገር ንገረኝ» አልኩት፤ «ሌላ ሰው ላይ የሌለ፤ የእሳቸው ብቻ የሆነ።»

ትንሽ አሰበ። «ሲስቁ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይሸፍኑ ነበር» አለ። «ገበያ ሲሄዱ የሰው አደራ ይዘው ይመለሳሉ፤ የራሳቸውን ግን ይረሱታል።»

ጻፍኩት። እንዴት ያለ ሸጋ ሰው ነው ብዬ ጻፍኩት። አቶ አየነውን ወደድኳቸው፤ በሕይወት እያሉ ባውቃቸው ብዬ ተቆጨሁ።

ረቡዕ እንደደወለ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ሠላሳ አንድ ሺህ ብር ሒሳብዎ ውስጥ ገብቷል ይላል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አይ አያ ፈንታሁን፣ ልነግርዎት ስል ቀደመኝ። የድርጅታችን ሒሳብ ሹም የድንኳኑንና የበጎቹን ገንዘብ ደርቦ ለእርስዎ ላከው። ስድስቱን ያስቀሩ፤ ሃያ አምስቱን ለድንኳን አከራዩ ያስተላልፉልኝ። የእኔ ስልክ ለዛሬ ከዚህ በላይ አልልክም ብሎኛል። ሰውየው ደግሞ ገንዘቡን ዛሬ ካላየ ድንኳኑን ለሌላ እሰጣለሁ እያለ ነው። የአባቴ አርባ በፀሐይ ላይ ሊወጣ ነው።»

መልእክቱን አየሁት። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና ደግሜ አየሁት። እሱ እስከዚያ አባቱ አንድ ዓመት ለጎረቤት ሠርግ የራሳቸውን በር ነቅለው ጠረጴዛ አድርገው እንደሰጡ ይተርክልኛል። ሳቅሁ። እየሳቅሁ ሃያ አምስት ሺውን ስልኬ ላይ ነክቼ ላክሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «አሁን ምሳዎን ይጨርሱ።»

ሐሙስ ፎቶውንና መጽሔቱን ላሳትም ፒያሳ ሰናይት ዘንድ ሄድኩ። ሰናይት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ናት፤ አሥር ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ፊቷ ላይ ሳቅ ለማምጣት እኔም አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል።

«ይኼን የሚያህል ፎቶ? ሰውየው ራስ ነበሩ እንዴ?» አለች።

«ከራስም በላይ። በራቸውን ነቅለው የሚሰጡ ሰው ናቸው።»

«ገንዘቡ ገብቷል?»

«ከነትርፉ። መልእክቱ ይኸው።»

«እኔ የጠየቅሁህ ገንዘቡን ነው፤ አንተ የምታሳየኝ መልእክት ነው» አለች ስልኬን ሳታየው።

«ሰናይት፣ አንቺ እኮ ፀሐይ ስትወጣም ደረሰኝ ትጠይቂያለሽ።»

አልሳቀችም። የሕትመቱን ዋጋ በዱቤ ጻፈችብኝ። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ደሳለኝ አልደወለም። እኔ ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ ብሎ በአጭሩ ዘጋው። ዓርብ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሐዘን ነው፣ መንገድ ላይ ይሆናል አልኩ። ምሳዬን ድስቱ ላይ እንዳለ በላሁት።

ቅዳሜ ጠዋት መጽሔቶቹን በካርቶን፣ ፎቶውን እንደ ምንጣፍ ጠቅልዬ ይዤ ከአዘዞ ወደ እንፍራንዝ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጥቅሉ ከእኔ ስለሚረዝም ጫፉ ከፊት የተቀመጠችውን ሴት ሻሽ ይነካል።

«ምንድን ነው ወንድሜ፣ የሚወጋኝ?» አለች።

«ሰው ነው።»

«ሒሳብ ይከፈልበታላ!» አለ ረዳቱ።

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ጠዳን አለፍን፤ እኔ እስከ ማክሰኚት አስቄያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

እንፍራንዝ ወርጄ ድንኳን ፈለግሁ። ድንኳን የለም። የአቶ አየነው ቤት የት ነው ብዬ ባለ ሱቁን ጠየቅሁ፤ «የትኛው አየነው?» አለኝ። አርባቸው ዛሬ የሚወጣው አልኩት። ባለ ሱቁና ደጁ ላይ የቆሙት ሰዎች ተያዩ። ሦስት አየነው አሉ አሉኝ፤ አንዱ አስተማሪ ነው፣ አንዱ ገና ይጠባል፣ አንዱ ትናንት ማታ ጠጥቶ ሲዘፍን ታይቷል። ሰው እየተሰበሰበ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተጠሩ። አያ ምስጋናው ይሏቸዋል፤ በከዘራ ይሄዳሉ፤ የቦታው እድር ዳኛ ናቸው።

«ፍታውና እንየው» አሉ ጥቅሉን።

ሁለት ሰው በዚህና በዚያ ይዞ አቶ አየነውን መንገዱ መሐል ዘረጋቸው። ደሳለኝ የላከልኝ ፎቶ ነው፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ደግ ዓይን ያላቸው ሽማግሌ። አያ ምስጋናው ቀረብ ብለው፣ ራቅ ብለው አዩዋቸው።

«እኔ እዚህ አገር ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ» አሉ። «ሞቶ ያልቀበርኩት ሰው የለም። ይኼን ሰው አልቀበርኩትም።»

«ምናልባት ገጠር…»

«ገጠሩንም እኔ ነኝ የምቀብረው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ምነው ልጄ፣ የእድሩን ዳኛ ሳትጠይቅ? ሰው ያለ ልጅ ይሞታል፣ ያለ ገንዘብም ይሞታል። ያለ እድር የሚሞት የት አየህ?»

ሃያ ዓመት ስለ ሞት ስጽፍ ይህንን ጥያቄ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ወንበር ሰጡኝ፤ ፎቶውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ሻይ መጣልኝ። አንዲት አሮጊት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ካርቶኑን ነካ ነካ አደረጉት።

«እዚህ ውስጥስ ምን አለ?»

«ታሪካቸው ነው፣ እማማ።»

«አንብበው እስቲ።»

«እማማ፣ ሰውየው እኮ የሉም። አልነበሩም።»

«ከጎንደር ድረስ ተሸክመኸው መጥተህ ሳይነበብ ይመለስ? አንብበው።»

ተነስቼ አነበብኩ። ድምፄ የሥራ ድምፅ ነው፤ ሳነብ ሰው ያስቆማል። መንገደኛው ቆመ፣ ባለ ሱቁ ወጣ። በሬያቸውን ሳያበሉ የማይበሉ ሰው። በራቸውን ነቅለው ለሠርግ የሰጡ ሰው። ሴትየዋ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «ሲስቁ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይሸፍኑ ነበር። ገበያ ሲሄዱ የሰውን አደራ ይዘው ሲመለሱ የራሳቸውን…»

እዚያ ላይ ቆምኩ።

ያ የአቶ አየነው አይደለም። ያ የውባለም ነው። ሰኞ ሽሮዬ ፊት ለፊት ተቀምጬ የሰጠሁትን ማክሰኞ ጋቢ አልብሶ መልሶ ሸጦልኛል። እኔም እንዴት ያለ ሸጋ ሰው ነው ብዬ ጽፌዋለሁ። ውባለም ስትቀበር የሕይወት ታሪኳን መጻፍ አቅቶኝ ሌላ ሰው ነበር የጻፈው፤ አራት መስመር። እነሆ አሁን በመቶ ቅጂ ታትማ፣ በሌላ ሰው ስም፣ በማታውቀው አገር በረንዳ ላይ እየተነበበች ነው።

«ምነው አቆምክ?» አሉ አያ ምስጋናው።

«አለቀ፣ አያ።»

«ሸጋ ሰው ነበር» አሉ ሴትየዋ።

«አዎ» አልኩ። «ሸጋ ነበረች።»

ሰሙኝ መሰለኝ። ማንም አላረመኝም። አያ ምስጋናው የሻዩን ሒሳብ ከፍለው ሚኒባስ አስቆሙልኝ። ከመጽሔቶቹ ሴትየዋ አንድ ስጠኝ ብለው ወሰዱ፤ ማንበብ እንደማይችሉ ነግረውኝ። ስመለስ ጥቅሉ ማንንም አልወጋም፤ እኔም ማንንም አላሳቅሁም።

ሰኞ ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሒሳቤን አየች፣ ስልኬን አየች፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሠላሳ አንድ ሺህ የሚባል ገንዘብ ገብቶ አያውቅም፤ መልእክቱ አንድ ሰው የጻፈው ተራ ጽሑፍ ነው። የወጣው ሃያ አምስት ሺህ ግን እውነተኛ ነው፤ የእኔው ነው። የተላከበት ሒሳብ በዚያው ሰዓት ባዶ ሆኗል። ፖሊስ ጣቢያም ቃሌን ሰጠሁ። ጸሐፊው ሲመዘግብ «የሟች ስም?» ብሎ ተሳስቶ ሲጠይቀኝ አረምኩት። ትክክል እንደነበረ በኋላ ገባኝ፤ ያ ኮምፒውተር ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ። ዛሬ ይህንን የምጽፈው ሰናይት ማተሚያ ቤት ጥግ ላይ፣ ሥራዋን እየሠራሁ ዕዳዬን በምከፍልበት ኮምፒውተር ነው።

እናንተ በስልክ ሥራ የምትቀበሉ፣ ልብስ የምትሰፉ፣ ቪዲዮ የምታነሱ፣ የምትተረጉሙ ሁሉ፣ ከኪሳራዬ ቢያንስ ይህንን ውሰዱ። አሁን ከሐዘንተኛም ቀብድ እቀበላለሁ። «ቀብዱ ለወረቀቱ ነው፤ ሐዘኑን አብሬ የማዝነው በነፃ ነው» እላለሁ፤ እውነተኛ ሐዘንተኛ ተቀይሞ አያውቅም። መልእክት ገንዘብ አይደለም፤ ራሴ ሒሳቤን ከፍቼ ቁጥሩ ማደጉን ሳላይ ብዕር አላነሳም። «ተርፎ ገብቷልና መልስልኝ» ወይም «ለእገሌ አስተላልፍልኝ» የሚል ካለ፣ ትርፉን ባንኩ ራሱ ይመልስልህ እለዋለሁ፤ በእኔ እጅ አያልፍም። የሚያጣድፈኝን ሰው ደግሞ በዚያው ልክ አዘገየዋለሁ። ከሁሉ በፊት የምጠይቀው የእድሩን ዳኛ ስልክ ነው። ሟቹ እውነተኛ ከሆነ አንድ አያ ምስጋናው የሆነ ቦታ አለው። የእናንተም ሥራ የራሱ እድር አይጠፋውም፤ ደንበኛውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ፈልጉ።

ይህንን ሁሉ ሻይ ቤት ስተርክ ሰዉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ፈንቴን የሚያህል ብልጥ እንዴት አላወቀም?» ይላሉ። እኔም «ሌባው ከእኔ የበለጠ ጎበዝ ነበር» እላቸዋለሁ። ይህ ውሸት ነው፤ ለእናንተ እውነቱን ልጻፈው።

ከማክሰኚት ወዲያ ዝም ያልኩት የምሄድበትን ስለማውቅ ነው። የባንኬ መልእክት ሁልጊዜ የሚመጣው በባንኩ ስም ነው። ረቡዕ የመጣው ከተራ የስልክ ቁጥር ነበር። መነጽሬን የጠረግሁት ለዚያ ነው። ጠርጌ ደግሜ ሳየውም ያው ቁጥር ነበር። ገንዘቡ አለመግባቱን ያወቅሁት ሰኞ ባንክ ቤት አይደለም፤ ረቡዕ፣ ጉርሻዬ በእጄ እያለ ነው። ያንን ካነሳሁበት ስልኩን ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ። የበሩን ታሪክ ገና አልጨረሰውም ነበር። እንፍራንዝም የሄድኩት ለማጣራት አይደለም፤ ምናልባት ተሳስቼ ከሆነ ብዬ ነው።

አልተታለልኩም። ምሳ ሰዓት ላይ የሚያናግረኝ ሰው እንዳላጣ ብዬ፣ እያወቅሁ ከፈልኩ።